በእጅ የሚጎተት ኑድል፣ በእጅ የሚጠቀለል ዳምፕሊንግ፦ በሲንጋፖር የአንድ የምግብ መደብ የጉዳይ ጥናት

በሲንጋፖር ቻይናታውን ኮምፕሌክስ በሚባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከ200 በላይ የምግብ መደቦች ጎን ለጎን ተደርድረው በሚሠሩበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያንቀሳቅሱት አንድ ጠባብ መደብ አለ። የሚሸጠው ነገር ሦስት ነው ማለት ይቻላል፦ ደንበኛው ካዘዘ በኋላ በእጅ እየተጎተተ የሚዘጋጅ የኑድል ሾርባ፣ በእንፋሎት የሚበስል ሺያዎሎንግባዎ የተባለ ዳምፕሊንግ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ)፣ እና በመጥበሻ የሚጠበስ ጓቲዬ የተባለ ሌላ ዳምፕሊንግ። የአንድ ሳህን ሾርባ ዋጋ 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዶላር ስል ሁልጊዜ የሲንጋፖርን ዶላር፣ ዓመተ ምሕረት ስጠቅስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያች ከተማ ደህና ካፌ ውስጥ አንድ ስኒ ማኪያቶ ከዚህ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ማኪያቶውን የሚያወጣው ማሽን ሲሆን ኑድሉን የሚያወጡት ግን የአንድ ሰው ክንዶች ናቸው። ይህ ልዩነት እንዴት እንደሚቻል መረዳት የዚህ ጥናት ዓላማ ነው።

መደቡን ያየሁት በሲንጋፖር የትብብር ፕሮግራም አማካይነት ለአጭር ሥልጠና በሄድኩበት ወቅት ነው። ፕሮግራሙ ከ1992 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያሠለጥን በመሆኑ፣ ከአገራችንም ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ከተማዋን አይቷል፤ ምሳውንም የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ አዳራሾች ነው። የመደቡን ስም የማልጠቅሰው ሠራተኞቹን ለዚህ ጽሑፍ ስላላስፈቀድኳቸው ሲሆን፣ የሥራው አካሄድ ግን በከተማዋ ካሉ ተመሳሳይ መደቦች የተለየ ስላልሆነ ስሙ ባይታወቅም ነገሩን ለመረዳት አያስቸግርም።

ኑድሉ

ሊጡን ከሚጎትተው ሰው ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ መመልከት ይቻላል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ለመመልከት በቂ ጊዜም አለ። ሊጡ ጠዋት ታሽቶ፣ ዘይት ተቀብቶና በፕላስቲክ ተሸፍኖ ያረፈ ነው። በዚህ ዓይነቱ የቻይና ኑድል፣ ማለትም በላሚየን፣ ከስንዴ ዱቄት፣ ከውሃና ከጨው ሌላ ብዙ ጊዜ ጥቂት የካርቦኔት ዱቄት ይጨመራል፤ ይህም ኑድሉን ጠንከር፣ ቀለሙንም ቢጫ ቢጫ ያደርገዋል። ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በስንዴው ባሕርይ ላይ ነው። በስንዴ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ውሃ ሲያገኙና ሲታሹ ግሉተን የሚባለውን የሚለጠጥ መረብ ይፈጥራሉ፤ ጨው መረቡን ያጠነክረዋል፣ ዕረፍት ደግሞ ያላላዋል፤ ያላረፈ ሊጥ ሲስቡት ይመለሳል ወይም ይበጠሳል። ጤፍ ይህ ግሉተን ስለሌለው የእኛ ሊጥ በምጣድ ላይ ይፈስሳል እንጂ ማንም ባለሙያ ሊጎትተው አይችልም።

ትእዛዝ ሲደርሰው ሰውየው ክንድ የሚያህል ሊጥ ያነሣና ሁለቱን ጫፎች ይዞ ያወዛውዘዋል፤ መሃሉ በገበታው ላይ ጧ እያለ ሲያርፍ ሊጡ በገዛ ክብደቱ ይረዝማል። ጫፎቹን ሲያገናኛቸው ሊጡ እንደሚከረር ፈትል በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፤ እንደገና ይስበዋል፣ እንደገና ይጠመዘዛል። ይህ ለመታየት የሚደረግ ትርኢት ቢመስልም ተግባር አለው፤ ሊጡ ሁሉም ቦታ እኩል እንዲላላ የሚያደርገው ይህ መጠማዘዝ ነው። ከዚያ ዱቄት ነስንሶበት መጎተቱን ይጀምራል። አንዱ ገመድ ሲታጠፍ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ በሰባተኛው እጥፋት 128 ይደርሳል። እዚህ ላይ የሰውየው ጣቶች የሚሠሩትን ማየት ያስፈልጋል፦ የመሃል ጣቱ በእጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ክሮቹን ይለያል፣ አውራ ጣቱ ጫፉን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ክንዶቹም በልክ ብቻ ይዘረጋሉ፤ ከልኩ በላይ ቢዘረጋ መሃሉ ስስ ጫፉ ወፍራም ይሆናል። በስተመጨረሻ በጣቶቹ መካከል የቀረውን ድብልብል ሊጥ በጥሶ ያስቀርና ክሮቹን በፈላው ውሃ ውስጥ ይጥላቸዋል። ከመጀመሪያው ውዝወዛ እስከ ድስቱ ድረስ ያለው ጊዜ ኪስ ውስጥ ገንዘብ ፈልጎ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ብዙም አይበልጥም።

የተጎተተ ኑድል ግን አይቆይም። ክሮቹ እርጥብና ለስላሳ ስለሆኑ በገበታው ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢተዉ ተጣብቀው ተመልሰው ሊጥ ይሆናሉ። ስለዚህ ሰውየው ከምሳ ሰዓት በፊት አስቀድሞ ጎትቶ ሊያከማች አይችልም፤ ሰው ሲበዛበት ሥራውን የሚያቀልለት አንዳች ዘዴ የለም፤ የሚቀጥለው ሳህን የሚወጣው ክንዶቹ ሲደርሱ ብቻ ነው። ለመደቡ ገቢ ጣሪያ የሚያበጀው ይህ ነው።

ስለ ጣዕሙ እውነቱን ለመናገር ኑድሉ ከመረቁ ይበልጣል። ክሮቹ ሁሉ እኩል ውፍረት የላቸውም፤ አንዱ ስስ ሆኖ ምላስ ላይ ሲጠፋ ሌላው ጥርስን ይመልሳል፣ ይህም አለመመጣጠን በፋብሪካ ኑድል ውስጥ የማይገኝ ነው። መረቁ ንጹሕ ነው፣ አጥንቱም በደንብ የተቀቀለ ነው፤ ጨው ግን በዝቶበታል፣ ከላይ የተደረገበት ጎመንም ለዓይን ያህል ነበር። እንዲያም ሆኖ ኑድሉ በመረቁ ውስጥ በቆየ ቁጥር ስለሚለሰልስ፣ ወሬ እያወሩ የሚበሉት ምግብ አይደለም። በአዳራሹ ያሉት ነባር ደንበኞች አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ እያሰሙ ይጨርሱታል።

ዳምፕሊንጎቹ

ሺያዎሎንግባዎ በቀርከሃ መቀቀያ ውስጥ በእንፋሎት ይበስላል። ከውጭ ሲታይ ጫፉ በእጥፋት የተሸበሸበ ትንሽ ከረጢት ሲሆን፣ ውስጡ ከተፈጨው ሥጋ ጋር ትኩስ መረቅ አለ። መረቁ እንዴት ገባ የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ሲጠቀለል ፈሳሽ አልነበረም። የአሳማ ቆዳና አጥንት ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ሲቀዘቅዝ ከውስጡ በወጣው ጄላቲን ምክንያት ይረጋል፤ የረጋው ተከትፎ ከሥጋው ጋር ይደባለቃል፤ በእንፋሎት ሲሞቅ ደግሞ ይቀልጣል። ስለዚህ አንድ ዳምፕሊንግ የሚጀምረው በዋዜማው ነው። የሊጡ ክብ ሲዳመጥ ዳርቻው ከመሃሉ መሳሳት አለበት፤ እጥፋቶቹ ከላይ ሲሰባሰቡ ዳርቻው ስለሚደራረብ፣ ስስ ካልሆነ እንብርቱ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ እንደ መለኪያ የሚጠቀሰው 18 እጥፋት ነው፤ በዚህ መደብ ቁጥሩን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፣ ቅርጹም ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል።

አበላሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳምፕሊንጉን በመብያ እንጨቶቹ ከአናቱ አንሥቶ በማንኪያ ላይ ማሳረፍ፣ ጎኑን በትንሹ ነክሶ መረቁን መጭለጥ፣ ከዚያ በቀጭኑ በተከተፈ ዝንጅብልና በጥቁር የሩዝ ኮምጣጤ ቀሪውን መብላት ነው። ሳይቀዘቅዝ መበላት አለበት፤ መቀቀያው ተከፍቶ ከቆየ ታችኛው ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲነሣም ተቀድዶ መረቁ ይፈሳል። ጓቲዬ በአንጻሩ ታጋሽ ነው። በጠፍጣፋ መጥበሻ ላይ በዘይት ይደረደራል፣ ጥቂት ውሃ ይፈስበታል፣ ይከደናል፤ ውሃው ተኖ ሲያልቅ ላዩ በእንፋሎት በስሎ ታቹ ተጠብሶ ይገኛል። ከሦስቱ ምግቦች የትኛውን ትመርጣለህ ብባል ያለ ማመንታት ይህንን እመርጣለሁ።

የመደቡ ብልሃት የታየኝ ግን ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አዳራሹ ሲቀዘቅዝ ነው። በምሳ ሰዓት ገንዘብ ስትቀበልና ሳህን ስታቀብል የነበረችው ሴት በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ዳምፕሊንግ መጠቅለል ጀመረች። ጠዋትም ወረፋው ከመጀመሩ በፊት የምትሠራው ይህንኑ ነበር። ዳምፕሊንግ የተጎተተ ኑድል የማይችለውን ይችላል፦ ተጠቅልሎ ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ሲቀመጥ ይጠብቃል፣ ቢቀዘቅዝ አይጎዳም፣ ሲታዘዝ የሚያስፈልገው እሳት ብቻ ነው። ሁለቱም ምግቦች በእጅ የተሠሩ ተብለው በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢጻፉም፣ አንዱ የሚበላው የጥድፊያውን ሰዓት ሌላው የሥራ ፈቱን ሰዓት ነው። ኑድል ብቻ ቢሸጡ ከሰዓት በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር፤ ዳምፕሊንግ ብቻ ቢሸጡ ደግሞ ወረፋው እንዲህ ባልረዘመ ነበር፣ ምክንያቱም ሰውን የሚሰበስበው የሚጎተተው ሊጥ ነው። የአብዛኛው ደንበኛ ትእዛዝ ሁለቱን የያዘ በመሆኑ፣ የተጎተተው ኑድል እስኪደርስ ድረስ ዳምፕሊንጉ ቀድሞ ይቀርብና የሚጠብቀውን ሰው ያስታግሳል። ዋጋው ዝቅ ሊል የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ የሰዓት አደላደል ይመስለኛል፤ በመደቡ ውስጥ እጅ ሥራ ፈትቶ የሚያልፍ ሰዓት የለም።

የአሳማው ጥያቄ

አብሮኝ የነበረው ሠልጣኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ ኢትዮጵያዊ ነው። ወረፋው ላይ እንዳለን፣ «አንተ ልጅ፣ ሥጋው የምን እንደሆነ ጠይቅልኝ እንጂ» አለኝ። ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ የአሳማ ነው፤ መረቁም ከአጥንቱ ነው የሚሠራው» አልኩት። «እንግዲያው አንተ ብላ፣ እኔ ኑድሉን ሲጎትት አያለሁ» አለና ተወው። የሚበላና የማይበላ ሰው ከአንድ አገር መውጣቱ የታወቀ ስለሆነ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ነገር ግን የሲንጋፖርን መደቦች የሚጎበኝ አንባቢ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር አለ።

በቻይናውያን የኑድል መደቦች አሳማው ያለው ሥጋው ላይ ብቻ አይደለም። መረቁ፣ ላዩ ላይ ጠብ የሚደረገው የሞራ ዘይት፣ ዳምፕሊንጉ ውስጥ ያለው የረጋ መረቅ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው፤ ስለዚህ «ሥጋ አታድርግበት» ማለት ብቻውን አያድንም። አንዳንድ መደብ ላይ የአሳማ ሥጋም የአሳማ ሞራም አንጠቀምም የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ይህ የባለቤቱ ቃል እንጂ የሐላል ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫውን የሚሰጠው ሙኢስ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የሲንጋፖር እስላማዊ ሃይማኖት ምክር ቤት ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱም መደቡ ላይ ይሰቀላል። የተበላበት ትሪ የሚመለስባቸው መደርደሪያዎች እንኳ የሐላልና ሐላል ያልሆነ ተብለው ተለይተዋል። ትሪ አለመመለስ ከመስከረም 2021 ጀምሮ በእነዚህ አዳራሾች የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ እንግዳው ሰው መደርደሪያውን ሳይለይ እንዳያስቀምጥ ልብ ማለት አለበት። በእጅ የሚጎተት ኑድል መብላት የሚፈልግ ሙስሊም የሐላል ምስክር ወረቀት ወዳላቸው የላንጆው ኑድል ቤቶች መሄድ ይችላል፤ በሰሜን ምዕራብ ቻይና የላንጆው ከተማ የበሬ ሥጋ ኑድል በ1915 ማ ባዎዚ በተባለ፣ ሁዪ ከሚባለው የቻይና ሙስሊም ብሔረሰብ በሆነ ሰው የተጀመረ እንደሆነ ይነገራል፣ ዛሬም በአብዛኛው በሙስሊም እጅ የሚሠራ ነው። ጾመኛ ደግሞ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚበሉበትን የአትክልት መደብ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላልና ወተት መኖሩን ግን መጠየቅ ይገባል። ባልደረባዬ በመጨረሻ የበላው ከዚያው ነው፤ ኑድሉ የፋብሪካ ቢሆንም።

ኪራዩ

የሰዓት አደላደሉ ብቻውን ግን 5 ዶላር ከ50 አያስገኝም። ሁለተኛው ምክንያት ያለው በሕንፃው ታሪክ ውስጥ ነው። ሲንጋፖር በ1968 እና በ1969 በጎዳና ላይ የሚነግዱትን 18,000 ገደማ ሰዎች መዘገበች፤ ከ1971 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ውስጥም የቧንቧ ውሃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃና መብራት ወዳላቸው አዳራሾች አስገባቻቸው። ቻይናታውን ኮምፕሌክስ በ1983 የተከፈተው በዙሪያው ባሉት በትሬንጋኑ፣ በስሚዝና በመሳሰሉት መንገዶች ላይ የነበሩትን ነጋዴዎች ለመሰብሰብ ነው። በዚያን ጊዜ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ባለመደቦች በድጎማ የሚከፍሉት የወር ኪራይ ከ160 እስከ 320 ዶላር ነበር፤ በጨረታ የሚገቡት አዳዲሶቹ መካከለኛ ኪራይ ደግሞ 1,250 ዶላር ገደማ ነበር። ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2020 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ይህንን የአዳራሽ አመጋገብ ባህል ነው።

ቁጥሩን ወደ ሳህን ብንመልሰው ነገሩ ይገለጣል። መደቡ በወር 26 ቀን ቢሠራ፣ 1,250 ዶላር ለቀኑ 48 ዶላር ይደርሳል፤ ይህ ማለት በየቀኑ ከሚወጡት ሳህኖች ዘጠኙ ገደማ ለኪራይ ይሄዳሉ ማለት ነው። ለጠረጴዛ ማጽጃና ለመሳሰለው የሚከፈለው ሲጨመርበትም የሚቻል ነው። በ2024 ግን በማሪን ፓሬድ አዳራሽ ለአንድ መደብ በወር ከ10,000 ዶላር በላይ የሰጠ ተጫራች ተገኝቶ ከተማው ተነጋግሮበታል። በዚያ ዋጋ ለኪራዩ ብቻ በየቀኑ 70 ሳህን መሸጥ ያስፈልጋል። ክንዶቹ ሳህኑን አንድ በአንድ ለሚያወጡ ሰው ይህ የምሳውን ሰዓት ሙሉ ለኪራይ መሥራት ነው፤ አስቀድሞ የሚያከማች የሩዝና የካሪ መደብ ሊቋቋመው ይችል ይሆናል፣ ኑድል ጎታች ግን አይችልም።

ዋጋውን መጨመርስ? እዚህ ላይ የደንበኛው ልማድ አለ። ከዚሁ ሕንፃ ውስጥ የነበረው የቻን ሆን ሜንግ የሶያ ሶስ ዶሮ መደብ በ2016 የምግብ ቤቶችን ጥራት ከሚመዝነው የሚሽላን መመሪያ መጽሐፍ ኮከብ ሲያገኝ ዶሮ በሩዝ የሚሸጠው በ2 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ያወራለትም ከጣዕሙ ይልቅ ስለ ርካሽነቱ ነው። ሥራው ወደ ምግብ ቤቶች ሰፋ፣ ኮከቡም በ2021 ቀረ። በ1932 የተመሠረተው የሂል ስትሪት ታይ ህዋ የአሳማ ኑድል በዚያው በ2016 ኮከብ አግኝቶ ዋጋውን ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ ሲሸጥ ደንበኛው አልሸሸውም፤ ወረፋው የሚያስመርር እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ መጨመር አይቻልም የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን በ5 ዶላር የለመደ ምሳ በላተኛ ለማይታወቅ መደብ 9 ዶላር ይከፍላል ብሎ መገመት ያስቸግራል፣ በተለይ ሁለት እርምጃ ርቆ የፋብሪካ ኑድል በ4 ዶላር የሚሸጥ ካለ።

ከዚህ በኋላ

የእነዚህ አዳራሾች ባለመደቦች መካከለኛ ዕድሜ 60 ዓመት አካባቢ ነው። መደብ መያዝ የሚችለው የሲንጋፖር ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ብቻ ሲሆን፣ ረዳት በመቅጠርም ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ከጥር 2025 ጀምሮ የረጅም ጊዜ የጉብኝት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች፣ ማለትም በአብዛኛው የዜጎች የትዳር ጓደኞች፣ በረዳትነት እንዲሠሩ ተፈቅዷል። ለጀማሪዎች መደብ ለመስጠት በ2018 የተጀመረ ፕሮግራም አለ፤ ጡረታ የሚወጡትን ከተተኪ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ዕቅድም በ2022 ተጀምሯል። እነዚህ ዕቅዶች ለመረቅ አሠራር፣ ለቅመም ልክና ለደንበኛ አያያዝ ይጠቅማሉ፤ ሊጥ መጎተት ግን በጥቂት ወራት ሥልጠና የሚጨበጥ አይደለም፣ ትከሻና ወገብም ይጠይቃል።

በእኔ ግምት ከሦስቱ ምግቦች ቀድሞ የሚጠፋው ኑድሉ ነው። የሊጥ መዳመጫና መቁረጫ ማሽን ዛሬም በአቅራቢያው ባሉ መደቦች አለ፣ ማሽኑም ክሮቹን እኩል አድርጎ ቆርጦ ያከማቻል፤ ያኔ «በእጅ» የሚለው ቃል በሰሌዳው ላይ ቢቀርም ትርጉሙ ሊጡን በቦታው አሹት ማለት ብቻ ይሆናል። ሺያዎሎንግባዎ ቀጥሎ ይሄዳል፣ በረዶ ሆኖ ከፋብሪካ የሚመጣው በርካሽ ስለሚገኝና ብዙ ደንበኛ ልዩነቱን ስለማይጠይቅ። ጓቲዬ ግን ይቆያል፤ ተቀምጠው ስለሚሠሩት ያረጀ ሰውም ይችለዋል፣ የቤተሰብ ሰው ከሥራ ሲመለስ ሊያግዝበት ይችላል፣ ያልተሸጠው ለነገ ይቀመጣል፣ በመጥበሻው ላይ የተጠበሰ ታቹም የፋብሪካውን ከእጁ ሥራ በቀላሉ ይለያል።